ያገለገለ የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት ስለ መግዛት

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሳሳኝ ባለፈው ዓመት በእኔና በአንድ ጓደኛዬ ላይ የደረሰ ኪሳራ ነው። ከዚያ ወዲህ በማኅበራችን ክፍል ሻይ በጠጣን ቁጥር «ሞተር ልገዛ አስቤአለሁ፤ ምን ትመክረኛለህ?» የሚለኝ ወገን ስለ በዛ፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመተረክ በቡለቲናችን ላይ ማስፈሩ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ጸሐፊው የሕክምና ተማሪ እንጂ መካኒክ አለመሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ። የማውቀውን ያወቅሁት ግማሹን ገንዘብ ከስሬ፣ ግማሹን ደግሞ አንካራ ውስጥ ከአንድ ኡስታ ጎን ቆሜ እያየሁ ነው። ኡስታ ማለት ቱርኮች የእጅ ሙያ ያለውን ሰው በአክብሮት የሚጠሩበት ስም ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመሠረቱ ስለምን ዓይነት ሞተር እንደምንነጋገር ግልጽ መሆን አለበት። ይህ ሞተር ከከተማ መላላኪያ ሞተርም ከእሽቅድምድም ሞተርም የተለየ ነው። ቁመቱ ከፍ ያለ፣ የነዳጅ ታንኩ ሰፊ፣ ጓዝ የሚጭን፣ በአስፋልትም በኮረኮንችም ሊሄድ የተሠራ ነው። የዚህ ዘር መነሻ ነው የሚባለው ቢ ኤም ደብልዩ በ1980 ያወጣው አር 80 ጂ/ኤስ ሲሆን፣ ሁለቱ ፊደላት በጀርመንኛ «ገጠርና ጎዳና» እንደ ማለት ናቸው። ከዚያ በፊት ወደ 800 ሲ.ሲ. የሚጠጋ ሞተር ለገጠር መንገድ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ፋብሪካ እምብዛም አልነበረም። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው በታኅሣሥ 1978 መጨረሻ ከፓሪስ ተነሥቶ ሰሐራን በማቋረጥ ዳካር የገባው ውድድር ነው። የመጀመሪያውን ሲሪል ነቮ በያማሃ ኤክስ ቲ 500 አሸነፈ፤ በ1981 ደግሞ ኡቤር ኦሪዮል በቢ ኤም ደብልዩ ተከተለ። ሆንዳ በ1988 አፍሪካ ትዊን ብሎ የሰየመውን አወጣ፤ በ2003 ማምረቱን አቁሞ በ2016 እንደገና ጀመረ።

እኛንም የሚነካ ታሪክ አለው። ቴድ ሳይመን የተባለው ጋዜጠኛ ከ1973 እስከ 1977 ዓለምን ሲዞር በአገራችን በኩል ያለፈው ባለ 500 ሲ.ሲ. በሆነ ትራያምፍ ነበር። ያ ሞተር ለመንገድ የተሠራ ተራ ሞተር ነው። ይህን የማነሣው ትልቅና ውድ ሞተር ካልሆነ ጉዞ የለም ለሚሉን መልስ ይሆን ዘንድ ነው።

በመጠን ስንመለከት በሦስት መክፈል ይቻላል። ትላልቆቹ ከ1000 ሲ.ሲ. በላይ የሆኑት ናቸው፤ ለምሳሌ ያህል በ2004 የወጣው አር 1200 ጂ ኤስ። ነዳጅ ሲሞላ ከ220 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እኔ 61 ኪሎ ነኝ። ቆሞ የወደቀ ሞተር በገደላማ መንገድ ላይ ብቻዬን ማንሣት ይኖርብኛል ብዬ ሳስብ ፍላጎቴ ቀዘቀዘ። መካከለኞቹ እንደ ሱዙኪ ቪ ስትሮም 650 ያሉት ናቸው። እነርሱም ቢሆኑ 215 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ፤ ነገር ግን መቀመጫቸው ዝቅ ያለ፣ ጥገናቸውም ርካሽ ነው። ከእነርሱ በታች እንደ ሆንዳ ሲ ቢ 500 ኤክስ ያሉ አሉ፤ 471 ሲ.ሲ. ናቸው፤ ጉልበታቸውም 35 ኪሎ ዋት ነው።

ይህ 35 ኪሎ ዋት እንዲሁ የመጣ ቁጥር አይደለም። በዚህ አገር ደንብ የኤ2 መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከዚያ በላይ ጉልበት ያለው ሞተር መንዳት አይፈቀድለትም። ሙሉውን የኤ ፈቃድ ለማግኘት ወይ ዕድሜ 24 መሙላት፣ ወይም ኤ2ን ይዞ ሁለት ዓመት መቆየት ያስፈልጋል። ስለዚህም ከእኛ መካከል የ20 እና የ21 ዓመት ወጣቶች ቪ ስትሮም 650 ቢገዙ ሊነዱት አይችሉም። ከአገር ቤት ያመጣነው መንጃ ፈቃድም ከገባንበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ብቻ ስለሚያገለግል መቀየር አለበት። ያለ ትክክለኛ ፈቃድ ሲነዳ የተጋጨ ሰው ኢንሹራንሱ ለተጎጂው የከፈለውን ገንዘብ መልሶ ከእርሱ ሊጠይቀው እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። ከስኮላርሺፕ አበል የሚከፈል ዕዳ አይደለም።

ወደ ኪሳራችን ልመለስ። እኔና ጓደኛዬ ገንዘብ አዋጥተን አንድ ሞተር በጋራ ለመግዛት ተስማማን። እንደ እውነቱ ከሆነ ተስማማን ከማለት ይልቅ እኔ አግባባሁት ማለቱ ይቀላል። በማስታወቂያ ላይ የ2006 አር 1200 ጂ ኤስ አየን። ዋጋው ከመሰሎቹ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ባለቤት ነኝ የሚለው ሰው በሌላ ከተማ ይኖራል። በስልክ ትሑት፣ አነጋገሩ የተማረ ሰው አነጋገር፤ «ብዙ ፈላጊ አለ፤ ለእናንተ እንዳቆየው ትንሽ ካፖራ ላኩልኝ» አለን። ካፖራ የሚባለው እኛ ቀብድ የምንለው ነው። ሁለታችንም የሁለት ወር አበላችንን ላክን። በማግሥቱ ስልኩ ተዘጋ። ለዐቃቤ ሕግ አመለከትን፤ ገንዘቡ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ጓደኛዬ የላከው በአገር ቤት ለምትማረው እህቱ የትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጠው እንደነበረ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ስሕተታችን ምን ነበር? ሞተሩን በዓይናችን አላየንም። ከዚያም በላይ፣ ሩህሳት በሚባለው ሊብሬ ላይ ያለው ስምና ገንዘብ የላክንበት የባንክ ሒሳብ ባለቤት ስም አንድ መሆኑን አላጣራንም። ቢጣራ ኖሮ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ይታወቅ ነበር። የዋጋው ማነስም ራሱ ምልክት ነበር፤ ግን የምንፈልገውን ነገር ስናይ ዓይናችን ይጨፈናል። ዋጋን በሚመለከት ቁጥር አልጽፍም፤ የሊራው ዋጋ ስለሚለዋወጥ ይህ ቡለቲን ታትሞ እስኪወጣ ያረጃል። የተሻለው መንገድ የአንድ ዓይነትና የአንድ ዓመት የሆኑ ሃያ ያህል ማስታወቂያዎችን በደብተር መዝግቦ ለአንድ ወር መከታተል ነው። ሳይሸጥ የሚቆየውና በሦስት ቀን የሚነሣው የትኛው እንደሆነ ሲታይ ትክክለኛው ዋጋ በራሱ ይገለጣል። እንደ አንካራ ባለ ብርዳም ከተማ ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሻጩ ይበዛል፤ ገዢው ይጠፋል።

ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ከኡስታው ጋር ነበር። ኡስታው ከሁሉ በፊት እጁን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል። ሞቆ ካገኘው ይቆጣል። ሻጭ ገዢ ከመድረሱ በፊት ሞተሩን የሚያሞቀው ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚታየውን ነገር ለመሸፈን ነው፤ ይኸውም የባትሪ ድካም፣ የመነሣት ችግርና የመጀመሪያው ደቂቃ ጭስ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ነጭ ጭስ በብርድ ጧት እንፋሎት ስለሆነ አያስደነግጥም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ግን የማቀዝቀዣው ውሃ በቴስታታው ጓርኒሲዮን በኩል ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ ይህ ከሦስቱ ቀላሉ ነው። ኡስታው ረጅም ካቻቪቴ ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ በማድረግ ያዳምጣል። አንድ ቀን የእኔን ማዳመጫ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ከሳቀ በኋላ ሩብ ሰዓት አልመልስ አለኝ።

ከዚያ ፊተኛው ጎማ ከመሬት እንዲነሣ ተደርጎ መሪው በቀስታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞራል። ልክ መካከል ላይ ሲደርስ እንደ ጎድጓዳ ነገር ከያዘው የአንገቱ ኩሽኔታ አልቋል። ፊት ለፊት ያሉት ሁለት የሾክ ዘንጎች ላይ ዘይት ካለ ማኅተሙ ተበልቷል፤ ይህ በቀላል ዋጋ ይጠገናል። የተጣመሙ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሪው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲዞር የሚገታው በሻንሲው አንገት ላይ ያለ ትንሽ የብረት ጉብታ ነው። እርሱ ከተቀጠቀጠ፣ ከተሰነጠቀ ወይም አዲስ ብየዳ ካለበት ሞተሩ በፊቱ በኩል ክፉኛ ተጋጭቷል። ሻጩ ሁሉን ቀለም ሲቀባ ይህችን ቦታ ይረሳታል።

የጭረት ነገር በተለይ እኔን ማርኮኛል፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል ቁስልን አይቶ አደጋው እንዴት እንደደረሰ ከመገመት ጋር ይመሳሰላልና። ቆሞ የወደቀ ሞተር ጠባሳው በመሪው ጫፍ፣ በፍሬኑ ወይም በፍሪሲዮኑ እጀታ ጫፍና በጎን መከላከያው ብረት ላይ በአንድ ነጥብ ብቻ ይሆናል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ይህ የተለመደ ስለሆነ ዋጋ ለማስቀነሻ እንጂ ለመሸሽ ምክንያት አይደለም። በፍጥነት እየሄደ የወደቀ ግን ከፊት ወደ ኋላ የተሳቡ ረጃጅም ትይዩ ጭረቶች አሉት፤ በሳጥኑ፣ በእግር መርገጫውና በሞተሩ ክዳን ላይ ተከታትለው ይታያሉ።

የቀሩትን ባጭሩ ላንሣ። ካቴናውን ከኋላው ጥርስ ጫፍ ላይ ወደ ኋላ ስትጎትቱት የጥርሱ ግማሽ ከታየ ካቴናውም ጥርሱም ይለወጣል። በካቴና ፈንታ በዘንግ የሚሠራው ቢ ኤም ደብልዩ ከሆነ የኋላውን ጎማ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፤ የሚላወስ ከሆነ የኋላው ማርሽ ቤት ኩሽኔታ ነው፤ ለዚህም የሚከፈለው ለተማሪ አይሆንም። በጎማው ጎን ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 2319 ማለት በ2019 ዓ.ም. 23ኛው ሳምንት ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አትመኑ። 25000 የሚል ሞተር የእጀታው ላስቲክ አልቆ፣ የእግር መርገጫው ተልጎ ከታየ ቁጥሩ ከላስቲኩ ጋር አይስማማም። በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ ወረቀትና በጥገና ደብተሩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አስተያዩ። ወደ 5664 በሚላክ አጭር መልእክትም በኢንሹራንስ በኩል የተመዘገበ የአደጋ ታሪኩ ይገኛል። ነገር ግን ባለቤቱ በኪሱ ያሠራው ጥገና እዚያ አይገባምና፣ ንጹሕ ነው የሚለው መልስ ዓይናችሁን አይተካም።

ወረቀቱን በሚመለከት፣ በሻንሲው አንገት ላይ የተቀረጸው የ17 ፊደልና አኃዝ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ መመሳከር አለበት። ሽያጩ የሚጸናው በኖተር ፊት ብቻ ነው፤ በመካከላችን የምንፈራረመው ወረቀት ባለቤት አያደርግም። ያልተከፈለ ግብርና የትራፊክ ቅጣት ካለ ዝውውሩ ስለማይፈጸም ከመሄዳችሁ በፊት አስጠይቁ። ገንዘቡን በኖተሩ ሥርዓት በኩል ዝውውሩ እስኪያልቅ የሚያስይዝ አከፋፈልም አለ፤ ትንሽ ያስከፍላል፤ እኛ ከከሰርነው ጋር ሲነጻጸር ግን ምንም አይደለም። «ተመርቄ ወደ አገሬ ይዤው እገባለሁ» የሚሉ ወገኖችም አሉ። በ2019 በአዲስ አበባ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ መታገዱ፣ በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወቃል። ስለዚህ ይህን ተስፋ ይዞ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጉምሩክን ይጠይቅ።

ስለ ሄልሜት ሳልናገር ባልፍ ሙያዬን እንደ ካድሁ ይቆጠራል። የዓረቢያው ሎረንስ በመባል የሚታወቀው ቲ. ኢ. ሎረንስ በግንቦት 1935 በእንግሊዝ አገር በብስክሌት ይሄዱ የነበሩ ሁለት ልጆችን ለማዳን ሲል ከሞተሩ ወደቀ፤ ከስድስት ቀን በኋላም ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበሩት የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂዩ ኬርንስ ነገሩ ከልባቸው አልወጣም። በ1941 ስለ ሞተረኞች የራስ ጉዳትና ስለ ሄልሜት ጥቅም ያጠኑትን አሳተሙ፤ የእንግሊዝ ጦርም በዚያው ዓመት ሞተረኞቹን አስገደደ። በ2008 የብዙ ጥናቶችን ውጤት የመረመረ ግምገማ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሞተር ያገለገለ ይገዛል፤ ሄልሜት ግን አይገዛም። የሚያድነው ከውስጥ ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር ነው፤ እርሱም አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ አይመለስም፤ ከውጭም አይታይም። ባጀት ስታወጡ በቅድሚያ የሄልሜቱን፣ የጓንቱንና የጫማውን ዋጋ ቀንሱ፤ ሞተሩን በቀረው ፈልጉ።

በመጨረሻ በጥር ወር 61000 ኪሎ ሜትር የሄደ የ2013 ቪ ስትሮም 650 ገዛሁ። ገዢው እኔ ብቻ ነኝ፤ ጓደኛዬ «ድርሻ አልፈልግም» አለ። የእርሱን ገንዘብ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየመለስሁ ነው፤ ሁለት ወር ይቀረኛል። የሞተሩ የቀኝ መከላከያ ብረት አንድ ነጥብ ላይ ተጭሯል፤ ካቴናውን ለውጫለሁ፤ የፊት ሾኩ ማኅተም ገና ነው። በሚያዝያ ፈተና ሲያልቅ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ኔቭሼሂር ልሄድ አስቤአለሁ። ጓደኛዬን ከኋላ ተቀመጥ ብዬው እስካሁን አልመለሰልኝም፤ ሁለተኛውን ሄልሜት ግን በእርሱ ራስ ልክ ገዝቼዋለሁ። ሞተር ለማየት የሚሄድ ወገን ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ፤ በማኅበሩ ክፍል ስሙን ይተውልኝ።