የአሌክሳንድራ ኤያላ ግራ እጅ

እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የማያሚ የሜዳ ቴኒስ ውድድር ሲጀመር፣ ፊሊፒናዊቷ አሌክሳንድራ ኤያላ በዓለም 140ኛ ነበረች። ደረጃዋ በቀጥታ ስለማያስገባት የተሳተፈችው በአዘጋጆቹ ልዩ ግብዣ ነው። ዕድሜዋ 19 ነበር። በዚያ ውድድር ላይ የ2017ቱን የፈረንሳይ ኦፕን ያሸነፈችውን የለና ኦስታፔንኮን፣ ከሁለት ወር በፊት የአውስትራሊያ ኦፕንን ዋንጫ ያነሳችውን ማዲሰን ኪይስን፣ በሩብ ፍጻሜ ደግሞ በወቅቱ የአምስት ግራንድ ስላም ዋንጫዎች ባለቤት የነበረችውን ኢጋ ሽቪዮንቴክን 6 ለ 2 እና 7 ለ 5 አሸነፈች። ለሦስቱም አንድ ዙር (ሴት) እንኳ አልለቀቀችም። ያስቆመቻት በግማሽ ፍጻሜው ጄሲካ ፔጉላ ናት፤ እሱም ሦስት ዙር የፈጀ ትግል ነበር። ከውድድሩ በኋላ ኤያላ 75ኛ ሆነች፤ ከፊሊፒንስ ሴቶች መካከል ከ100ዎቹ ተርታ ስትገባም የመጀመሪያዋ ናት።

ብዙዎች ይህን እንደ ተአምር አወሩት። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ቴኒስን ያስተማሯት አያቷ ናቸው። ገና በልጅነቷ ከማኒላ ወደ ስፔኗ ማዮርካ ደሴት ሄዳ በራፋኤል ናዳል አካዳሚ ሠለጠነች። በ2022 የአሜሪካ ኦፕንን የታዳጊዎች ዋንጫ ወሰደች። በ2023 ከአካዳሚው ስትመረቅ በእንግድነት ከተገኙት አንዷ ሽቪዮንቴክ ነበረች። ማያሚ ላይ የታየው የእነዚያ ዓመታት ሥራ ነው።

አጨዋወቷን ለመረዳት ከግራ እጇ መጀመር ይሻላል። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ቀኝ እጃቸውን ነው የሚጠቀሙት። ግራኝ ተጫዋች ኳሱን በጠንካራ እጁ በኩል አስተካክሎ ወደ ሰያፍ ሲመታ፣ ኳሱ የሚያርፈው በቀኝ እጅ ተጫዋቹ ባክሃንድ (ከጠንካራ እጁ ተቃራኒ) በኩል ነው፤ ይህ ለብዙዎች ደካማው ጎን ነው። ሌላም አለ። ውጤቱ 40 ለ 30 ወይም 30 ለ 40 ሲሆን፣ እኩል ከሆኑ በኋላም አንዱ በአንድ ነጥብ ሲመራ፣ ሰርቩ፣ ማለትም ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት፣ የሚመታው ከሜዳው ግራ በኩል ነው። ከዚያ ቦታ የግራኝ ሰርቭ ወደ ውጭ እየጠመዘዘ ተቀባዩን ከሜዳው ያስወጣዋል። ጌሙ በሚወሰንበት ሰዓት የሚገኝ ጥቅም ስለሆነ ትልቅ ነው።

የኤያላ ዋናው መሣሪያ ግን የባላጋራዋን ሰርቭ አቀባበሏ ነው ብዬ አምናለሁ። ወደ ኋላ አታፈገፍግም። ከሜዳው የኋላ መስመር አጠገብ፣ ሁለተኛ ሰርቭ ሲሆን ደግሞ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ትቆምና ኳሱ ነጥሮ ገና ሽቅብ ሲወጣ ትመታዋለች። ለባላጋራዋ የምትነሳት ነገር ጊዜ ነው፤ ሰርቭ የመታችው ተጫዋች ሚዛኗን ሳትይዝ ኳሱ እግሯ ሥር ይደርሳል። ኦስታፔንኮ፣ ኪይስና ሽቪዮንቴክ ሦስቱም ኃይለኛ መቺዎች ናቸው። ኤያላ ኃይል መጨመር አላስፈለጋትም፤ የእነሱኑ ፍጥነት መልሳ አቅጣጫውን ለወጠችው። በሁለት እጅ የምትመታው ባክሃንዷም ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ዝቅ ብላ፣ ራኬቷን ብዙ ሳታወዛውዝ፣ መስመሩን ተከትላ ትልከዋለች።

ድክመቷ የራሷ ሰርቭ ነው። ከኃያላኑ ጋር ሲነጻጸር ፍጥነት ይጎድለዋል፣ ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ ለጥቃት ይጋለጣል። ስለዚህ ሌሎች በሰርቭ ብቻ በቀላሉ የሚሰበስቡትን ነጥብ እሷ ሮጣ፣ ተከላክላ፣ ረጅም ቅብብል አድርጋ ነው የምታገኘው። ጨዋታዎቿ ልብ የሚያንጠለጥሉትም በዚህ ነው። በሰኔ 2025 በኢስትቦርን ፍጻሜ አራት ጊዜ ለዋንጫ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ ግን በመጨረሻው ዙር ታይብሬክ (መለያ ጌም) በማያ ጆይንት 12 ለ 10 ተሸነፈች። እንዲህ ያለ ሽንፈት ወጣት ተጫዋችን ለወራት ሊሰብር ይችላል።

ኤያላን ግን አልሰበራትም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በአሜሪካ ኦፕን ከክላራ ታውሰን ጋር ስትጫወት በግጥሚያው ሦስተኛ ዙር 5 ለ 1 እየተመራች ነበር። እየተንጠላጠለች ደርሳባት ታይብሬኩን 13 ለ 11 ወሰደች። በግራንድ ስላም ዋና ውድድር አንድ ግጥሚያ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ፊሊፒናዊት በዘመነ ኦፕን (ውድድሮቹ ለፕሮፌሽናሎች ክፍት ከሆኑ ወዲህ) እሷ ሆነች። በቦታው የነበሩት ፊሊፒናውያን ደጋፊዎች ሜዳውን በጩኸት አናወጡት።

ኤያላን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩ ከሆነ ውጤቱን ለጊዜው ተዉትና ሁለት ነገር ተከታተሉ፦ ባላጋራዋ ሁለተኛ ሰርቭ ልትመታ ስትል ኤያላ የት እንደምትቆም፣ በራሷ ተራ ደግሞ የመጀመሪያ ሰርቯ ምን ያህል ጊዜ ሜዳ ውስጥ እንደሚያርፍ። የመጀመሪያ ሰርቯ በተሻሻለ ቁጥር፣ ወደ 20ዎቹ ተርታ የሚወስዳት መንገድ ያጥራል ብዬ እጠብቃለሁ።