አሮጌ ፒካፕን ለዕለት ሥራ ማደስ፦ ከመፍታት በፊት መለካት



የዛሬው ንግግሬ ርዕስ የአሮጌ ፒካፕ ሞተር እድሳት ነው። ለምሳሌነት የመረጥሁት በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየውን የቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ፣ በተለይም «3ኤል» የተባለውን የናፍጣ ሞተር ነው። ይህ ሞተር አራት ሲሊንደሮች አሉት፤ የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስተኑ ጉዞ እያንዳንዳቸው 96 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ ጠቅላላ መጠኑ 2,779 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ቱርቦ የለውም። የእንዲህ ያለው መኪና ባለቤት ብዙውን ጊዜ እህል ወይም ሲሚንቶ እየጫነ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነው። ስለዚህ እድሳቱ ሳይሳካ ቢቀር የሚባክነው የመለዋወጫ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ እንጀራም ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሞተሩ በእርግጥ መውረድ አለበት ወይ የሚለው ነው። ጭስ ይናገራል፤ ቋንቋውን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየነደደ መሆኑን ያመለክታል። ጥቁር ጭስ ደግሞ ናፍጣው ከአየሩ መጠን መብለጡን ይገልጻል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የናፍጣ ፖምፓው ለቆላ እንደ ተስተካከለ ከቀጠለ ጤነኛ ሞተርም ጥቁር ሊያጨስ ይችላል። ይህን ሞተር ማውረድ ዓይኑን ለታመመ ሰው ጥርሱን እንደ መንቀል ነው። ስለዚህ አየር ማጣሪያው፣ ኖዝሎቹና ፖምፓው ሳይፈተሹ፣ የእያንዳንዱ ሲሊንደር የመጭመቅ ግፊትም ሳይለካ ሞተሩን መፍታት አይገባም።

ሁለተኛው ነጥብ በጋራዦች ዘወትር የሚሰማው «ፋሻ ብቻ ቀይሩልኝ» የሚለው ልመና ነው። ፋሻ የምንለው በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ግፊት እንዳያመልጥ የሚዘጋው የብረት ቀለበት ነው። ልመናው ከገንዘብ እጥረት የመነጨ ስለ ሆነ አልነቅፈውም፤ ብዙ ጊዜ የማያዋጣበትን ምክንያት ግን ላስረዳ። ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች እኩል አይበላም። ይበልጥ የሚበላው የላይኛው ፋሻ ጉዞውን ጨርሶ በሚመለስበት ስፍራ ነው፤ በዚያ ሙቀቱና ግፊቱ ይበረታሉ፣ ዘይቱም ይሳሳል። እዚያ ላይ የሲሊንደሩ ስፋት በ0.2 ሚሊ ሜትር ቢጨምር፣ የፋሻው ጫፎች ክፍተት ይህ ቁጥር በፓይ ሲባዛ በሚገኘው መጠን፣ ማለትም በ0.63 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። በደቂቃ 3,000 ዙር በሚሽከረከር ሞተር ውስጥ አዲሱ ፋሻ በሴኮንድ 50 ጊዜ ሲሰፋና ሲጠብ ይውላል። ጭሱ ብዙ ሳይቆይ ቢመለስ ሊያስገርመን አይገባም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሲሊንደር ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካ። ልኬቱ ከፋብሪካው ወሰን ካለፈ፣ እንደ ብሎኩ አሠራር በማሽን ሰፍቶ ተለቅ ያለ ፒስተን ይገባለታል፣ ወይም የውስጥ ቱቦው ይቀየራል። ስፋቱ በ0.5 ሚሊ ሜትር ቢጨምር የሞተሩ መጠን የሚያድገው በ29 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ፣ ማለትም በአንድ ከመቶ ብቻ ነው። የምንሻው ተጨማሪ ጉልበት ሳይሆን ትክክለኛ ክብነት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ሙቀት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። በሞተር ውስጥ ይህን ነጥብ ከፍ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ውሃው ዳገት ላይ ሊፈላ፣ ቴስታታው ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ፣ ጓርኒሲዮኑም ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ቴስታታው ከመገጠሙ በፊት ቀጥ ማለቱ ይለካ፣ ስንጥቅ እንደሌለውም በግፊት ይፈተን፤ ራዲያተሩ ይጠረግ፣ ክዳኑና ቴርሞስታቱም ይቀየሩ። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም፤ በሚገባ ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተር ናፍጣውን በሚገባ አያነድም፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል።

የዚህ ሞተር ቫልቮች የሚንቀሳቀሱት በታይሚንግ ቺንጋ በመሆኑ፣ ቺንጋው በእድሳቱ ጊዜ አብሮ ይለወጥ፤ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ። ሞተሩ ከተገጠመ በኋላም ናፍጣው ተዘግቶ የዘይቱ ግፊት እስኪነሣ ድረስ በሞተሪኖ ይዙር። ከተነሣ በኋላ ለሰዓታት በሚኒሞ አይተው፤ አዲስ ፋሻ ከግድግዳው ጋር የሚላመደው በመጠነኛ ጭነት ነው። የመጀመሪያውም ዘይት ከብረት ብናኝ ጋር ቶሎ ይፍሰስ።

ውድ ተማሪዎች፣ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። የለካችሁትን ሁሉ በወረቀት ጽፋችሁ ለባለቤቱ ስጡት። ልኬቱ ሞተሩ መታደስ እንደማይገባው የሚያሳይ ከሆነም ገንዘቡ ሳይወጣ ንገሩት። ወረቀቱን የያዘ ሰው ስለ ምን እንደሚከፍል ያውቃል፤ ቀጥሎ የሚፈታው መካኒክም ሥራውን ከጨለማ አይጀምርም።