ደብዳቤ መንገድ አይጠይቅም

ሰው መልእክት ይዞ ሲላክ መንገድ ቢጠፋው ይጠይቃል። «የእገሌ ቤት በየት በኩል ነው?» ይላል። ከብት የሚጠብቀው ልጅ ያሳየዋል። ከምንጭ የምትመለሰው ሴት ትጠቁመዋለች። እንዲህ እያለ ይደርሳል። ደብዳቤ ግን አፍ የለውም። የሚያውቀው በላዩ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። የተጻፈው ልክ ከሆነ ይደርሳል፤ ከተሳሳተ ይጠፋል።

የዛሬው ንባባችን ስለዚህ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ አገር ድርጅቶች በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ሲልኩ አድራሻው እንዴት እንደሚጻፍ እናያለን። በፖስታው ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ምን እንደሚሉም እንረዳለን። በመጨረሻም የአድራሻ ስህተት ማንን እንደሚጎዳ እንመለከታለን። አሜሪካን የመረጥነው ይህ አሠራር እዚያ ለብዙ ዘመን ስለተሠራበትና ደንቡም በዝርዝር ስለተጻፈ ነው። ብዙ ወገኖቻችንም በዚያ አገር ይኖራሉ። ስለ አሜሪካ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ሸክሙ ሲበዛ

ድሮ በአሜሪካም ቢሆን ደብዳቤ የሚለየው በሰው እጅ ነበር። ሠራተኛው ፖስታውን ያነሣል፣ ከተማውን ያነባል፣ ከብዙ ትናንሽ ሣጥኖች በአንዱ ውስጥ ይከተዋል። ደብዳቤው ጥቂት በነበረ ጊዜ ይህ ይበቃ ነበር። እየቆየ ግን ባንኩ፣ መብራት ኃይሉ፣ ነጋዴው፣ ጋዜጣ አሳታሚው ሁሉ ደብዳቤ በገፍ ይልክ ጀመር። በ1963 ከጠቅላላው ፖስታ ከመቶ 80 እጁ የንግድና የሥራ ደብዳቤ ነበር።

ሸክሙ ከጉልበት በላይ መሆኑ በጉልህ የታየው በጥቅምት 1966 ነው። በቺካጎ ከተማ የሚገኘው ትልቁ ፖስታ ቤት በደብዳቤ ክምር ታንቆ ሥራው ቆመ። ሳይለይ የተከመረው ፖስታ ከ10 ሚልዮን በላይ ነበር። ሰው እጥፍ ቢቀጠርም ሁሉንም አንብቦ መጨረስ የሚቻል አልሆነም።

መፍትሔው በቁጥር መሥራት ነው። ይህ ሐሳብ ከቺካጎው ችግር በፊት ተጀምሮ ነበር። ከሐምሌ 1 ቀን 1963 ጀምሮ ለአገሩ ቦታ ሁሉ ባለ 5 አኃዝ ቁጥር ተሰጠ። ይህ ቁጥር ዚፕ ኮድ ይባላል።

ዚፕ ኮድ የሚነበበው ከሰፊው ወደ ጠባቡ ነው። እኛ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ እያልን ቦታ እንደምናጠብበው ማለት ነው። ለምሳሌ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት መኖሪያና ጽሕፈት ቤት ዚፕ ኮድ 20500 ነው። የመጀመሪያው 2 ዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉ ግዛቶች የሚገኙበትን ሰፊ ክፍል ያመለክታል። ሁለቱ ተከታይ አኃዞች ፖስታው የሚለይበትን ማዕከል ያሳያሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ፖስታ ቤቱን ወይም ሠፈሩን ይለያሉ። በ1983 ሌሎች 4 አኃዞች ተጨመሩ። እነዚህ እስከ መንገዱ ወገንና እስከ ሕንፃው ድረስ ያደርሳሉ።

2. መስመሮቹ ምን ይላሉ?

በሳሙናና በብስኩት መጠቅለያ ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ተደርድረው አይታችሁ ይሆናል። ባርኮድ ይባላሉ። ባርኮድ ጌጥ አይደለም፤ ጽሕፈት ነው። የተጻፈው ግን ለሰው ዓይን ሳይሆን ለማሽን ዓይን ነው። ማሽን የሰውን ፊደል ሲያነብ ሊደናገር ይችላል፤ መስመር ግን በቀላሉ ያነባል። ደብዳቤ የሚለየው ማሽን በአንድ ሰዓት ከ30,000 በላይ ፖስታ ያነባል።

እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ይሠራበት የነበረውን ባርኮድ እንመልከት። ይህን የመረጥነው ለመማሪያ ስለሚቀል ነው። እያንዳንዱ አኃዝ በ5 መስመር ይጻፍ ነበር። ከአምስቱ መስመሮች ሁለቱ ረጅም፣ ሦስቱ አጭር ናቸው። ቦታዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ዋጋ አላቸው። ዋጋቸውም 7፣ 4፣ 2፣ 1 እና 0 ነው። የረጅሞቹ መስመሮች ዋጋ ሲደመር አኃዙን ይሰጣል። ለምሳሌ 5 እንዲህ ይጻፋል፦ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። ረጅሞቹ ያሉት በ4 እና በ1 ቦታ ነው። 4 ሲደመር 1፣ 5 ይሆናል። ዜሮ ብቻ በስምምነት በ7 እና በ4 ቦታ ይጻፋል።

ታዲያ ቀለም ቢፈስና አጭሩ መስመር ረጅም ቢመስልስ? ረጅሞቹ ሦስት ይሆናሉ። ደንቡ ግን ሁለት ብቻ ነው የሚለው። ማሽኑ ወዲያው ስህተት መኖሩን ያውቃል።

ሌላም መቆጣጠሪያ አለ። ከዚፕ ኮዱ በኋላ አንድ የመመርመሪያ አኃዝ ይጨመራል። አሠራሩ ቀላል ነው። የአኃዞቹን ድምር ያዙ፤ ድምሩን ወደሚቀጥለው አሥር የሚሞላውን ቁጥር ጨምሩ። በ20500 እንሞክር። 2 ሲደመር 0፣ ሲደመር 5፣ ሲደመር 0፣ ሲደመር 0፣ 7 ይሆናል። 10 ለመሙላት 3 ይጎድላል። ስለዚህ የመመርመሪያው አኃዝ 3 ነው። ማሽኑ በስህተት 20600 ብሎ ቢያነብ ድምሩ ከ3 ጋር 11 ይሆናል። 11 ሙሉ አሥር አይደለም። «እዚህ ላይ ስህተት አለ» ማለት ነው።

ከ2013 ጀምሮ ቅናሽ የሚፈልግ ድርጅት አዲሱን ባርኮድ እንዲያትም ተደርጓል። አዲሱ 65 መስመሮች አሉት፤ መስመሮቹም አራት ዓይነት ናቸው። እስከ 31 አኃዝ ይይዛል። የሚሄድበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን ማን እንደላከውና የፖስታውን የራሱን መለያ ቁጥር ጭምር ይናገራል። ስለዚህ ላኪው ደብዳቤው የት እንደደረሰ መከታተል ይችላል።

ማሽኑ ማንበብ ያቃተው የእጅ ጽሑፍ ካለ የፖስታው ፎቶግራፍ ወደ ሰው ይላካል። ሶልት ሌክ ሲቲ በምትባል ከተማ የተቀመጡ ሠራተኞች ምስሉን አይተው አድራሻውን በኮምፒውተር ይጽፉለታል። ማሽን ሲቸግረው የሚዞረው ማንበብ ወደሚችል ሰው ነው።

3. ማሽኑ የማይይዘው ስህተት

እስካሁን ያየነው መቆጣጠሪያ የሚይዘው የማንበብ ስህተትን ነው። የመጻፍ ስህተትን ግን ሁልጊዜ አይዝም። ይህን ልብ በሉ፤ የጉዳዩ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጸሐፊ 20500 ብሎ መጻፍ ሲገባው ሁለት አኃዝ አቀያይሮ 25000 ጻፈ እንበል። ድምሩ ስንት ነው? አሁንም 7 ነው። የመመርመሪያው አኃዝም አሁንም 3 ነው። ማሽኑ መስመሮቹን በትክክል ያነባል፤ ሒሳቡም ይሞላለታል። በ250 የሚጀምሩ ቁጥሮች ግን የዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ናቸው። ዋሽንግተን መድረስ የሚገባው ደብዳቤ ወደ ሌላ ግዛት መንገድ ያዘ ማለት ነው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የቁጥር ወለምታም እንዲሁ ነው። ማሽን የተጻፈለትን በታማኝነት ይፈጽማል። የተጻፈው እውነት መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ ግን የሰው ሥራ ነው።

4. ድርጅቶች የሚጠየቁት

በዚህ ምክንያት የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት በብዛት ለሚልኩ ድርጅቶች ደንብ አውጥቷል። ደንቡን ለሚያከብር ዋጋ ይቀንስለታል። የመለየቱን ሥራ ላኪው አስቀድሞ ስለሠራለት ነው። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ሀ. ብዛት። ለመደበኛው የአንደኛ ማዕረግ ደብዳቤ ቢያንስ 500 ፖስታ በአንድ ጊዜ መቅረብ አለበት። ለማስታወቂያ ፖስታ ቢያንስ 200 ወይም 23 ኪሎ ገደማ ይበቃል።

ለ. አድራሻን ማመሳከር። ድርጅቱ የአድራሻ መዝገቡን በተፈተነና በተፈቀደ የኮምፒውተር ፕሮግራም ያመሳክራል። ፕሮግራሙ መንገዱና የቤቱ ቁጥር በእርግጥ መኖራቸውን ያያል። በአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ የሚኖር ከሆነ የክፍሉ ቁጥር መጉደሉንም ያመለክታል። የክፍል ቁጥር የሌለው አድራሻ ስም ሳይጠሩ «የዚያ መንደር ሰው» እንደማለት ነው።

ሐ. ቤት የለወጡትን ማወቅ። ሰው ቤት ሲለውጥ ለፖስታ ቤቱ ያስታውቃል። ድርጅቱ ደብዳቤ ከመላኩ በፊት በነበሩት 95 ቀናት ውስጥ መዝገቡን ከዚህ ማስታወቂያ ጋር ማስተያየት አለበት።

መ. የጽሕፈቱ ቦታ። ማሽኑ አድራሻን የሚያነበው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ከተማውንና ዚፕ ኮዱን፣ ቀጥሎ መንገዱንና የቤቱን ቁጥር፣ በመጨረሻ ስሙን ያያል። ስለዚህ ከአድራሻው በታች ሥዕል ወይም ሌላ ጽሑፍ መኖር የለበትም። ቀለሙ ጥቁር፣ ወረቀቱ ነጣ ያለ ይሁን ይባላል። መስመሩም መንጋደድ የለበትም።

ሠ. መስኮት ያለው ፖስታ። ብዙ ድርጅቶች አድራሻውን የሚጽፉት በውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ነው። አድራሻው በፖስታው መስኮት ይታያል። ወረቀቱ ውስጥ ለውስጥ ቢንሸራተት ባርኮዱ ሊሸፈን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ወዲህና ወዲያ ቢንሸራተትም በባርኮዱና በመስኮቱ ጠርዝ መካከል 3 ሚሊሜትር ያህል ክፍት ቦታ መቅረት አለበት።

5. የሚጎዳው ማን ነው?

ደብዳቤው ሲጠፋ ድርጅቱ የቴምብርና የወረቀት ዋጋ ይከስራል። ይህ ትንሹ ጉዳት ነው። ትልቁ ጉዳት በተቀባዩ ላይ ይደርሳል። የሐኪም ቀጠሮ ያልፈዋል። የመብራት ሒሳብ ሳይከፍል ቀርቶ መቀጫ ይጨመርበታል። የመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ ከሆነ «ቅጹን ሞልተህ መልስ» የሚለው ወረቀት ሳይደርሰው ድጎማው ሊቋረጥ ይችላል።

ሰውየው ቤት ለውጦ ካስታወቀ መደበኛው የአንደኛ ማዕረግ ደብዳቤ ለ12 ወር ወደ አዲሱ ቤት ይከተለዋል። የማስታወቂያ ፖስታ ግን እንዲህ አይደለም። ላኪው በተለይ ካልጠየቀና ካልከፈለ በቀር አይከተልም፣ አይመለስም፤ ይጣላል። ላኪው «ልኬያለሁ» ብሎ ተቀምጧል። ተቀባዩ እንደተላከለት አያውቅም። ሁለቱም ሳያውቁ ነገሩ በመካከል ይቀራል።

6. እኛስ?

በአገራችን የፖስታ አገልግሎት የተቋቋመው በዓፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። በእኛ አገር ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ባጭሩ ፖ.ሣ.ቁ. ተብሎ ይጻፋል። የራሱ ሣጥን የሌለው ሰው በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ሣጥን ይጠቀማል። ያን ጊዜ «በእገሌ በኩል» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። 125 የነበረው 152 ተብሎ ቢጻፍ ደብዳቤው የሌላ ሰው ሣጥን ውስጥ ይገባል።

አሜሪካ ላለ ዘመዳችሁ ስትጽፉ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ከላይ ስሙ፣ ቀጥሎ የቤቱና የክፍሉ ቁጥር ከመንገዱ ስም ጋር፣ ቀጥሎ ከተማው፣ ግዛቱና ዚፕ ኮዱ፣ ከሁሉ በታች የአገሩ ስም። ቁጥሩን ከላካችሁበት ወረቀት ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። በባንክ፣ በጤና ጣቢያ ወይም በሌላ መሥሪያ ቤት ስማችሁና አድራሻችሁ ሲመዘገብ «እስቲ የጻፍከውን ልየው» በሉ። ይህ ጸሐፊውን መጠራጠር አይደለም። ማንበብ የማይችል ሰው ጸሐፊው የጻፈውን አምኖ ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም። እናንተ ግን ታነባላችሁ። ስማችሁን ፊደል በፊደል፣ ቁጥራችሁን አኃዝ በአኃዝ እዩ። ስህተቱን በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ለማረም አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ደብዳቤው መንገድ ከጀመረ በኋላ ግን የሚያርመው ላይገኝ ይችላል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ደብዳቤና በቃል የተላከ ሰው በምን ይለያያሉ?
2. በቺካጎ መሐል ያለ አንድ ሠፈር ዚፕ ኮድ 60601 ነው። የመመርመሪያውን አኃዝ አውጡ። (መልስ፦ 7)
3. 60601 በስህተት 66001 ተብሎ ቢጻፍ የመመርመሪያው አኃዝ ስህተቱን ይይዘዋልን? ለምን?
4. የማስታወቂያ ፖስታ ቤት የለወጠውን ሰው ለምን አይከተልም?
5. የራሳችሁን ሙሉ አድራሻ በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያም ለጎረቤታችሁ ሰጥታችሁ አስነብቡት። ሳይጠይቃችሁ ሊያነበው ቻለን?