የስድስት ነጥብ መጻፊያ

ሙሉ ስሙ ፐርኪንስ ብሬይለር ነው፤ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ግን «ፐርኪንስ» ብለው ያሳጥሩታል። ከብረት የተሠራ፣ ወደ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ መብራት የማይፈልግ የጽሕፈት መኪና ነው። ያሉት ቁልፎች 9 ብቻ ናቸው። ስድስቱ ነጥብ ያወጣሉ፤ የቀሩት ሦስቱ ክፍት ቦታ ለመተው፣ ወደ ኋላ ለመመለስና መስመር ለመቀየር ያገለግላሉ።

የስድስቱ ነጥቦች ባለቤት ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ነው። በሕፃንነቱ በቆዳ ሠሪው አባቱ ወስፌ ዓይኑን ተወግቶ፣ ቁስሉ ወደ ሌላኛውም ተዛምቶ ብርሃኑን አጣ። ዘዴውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ረድፍ የሚቆሙት ነጥቦች 63 ዓይነት ምልክት ይሰጣሉ። ከ200 በላይ ለሆነው የእኛ ፊደል ይህ እንዴት ይበቃል? ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ስለሚጻፉ ነው። «ሉ» ለማለት ተማሪው መጀመሪያ የ«ል»ን፣ ቀጥሎ የ«ኡ»ን ምልክት ይጽፋል።

በብዙ ክፍሎች ዛሬም የሚሠራበት መሣሪያ ግን ስሌት የተባለው የወረቀት መያዣና ስታይለስ የተባለው መውጊያ ነው። ወረቀቱ በስሌቱ መካከል ይያዝና ነጥቦቹ በስታይለስ አንድ በአንድ ይወጋሉ። እብጠቱ የሚወጣው ከወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ ልጁ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ምልክቱንም ገልብጦ ይጽፋል፤ ለማንበብ ወረቀቱን አውጥቶ ማዞር አለበት። ስሌት ቀላል ነው፣ በኪስም ይያዛል። ሒሳብ ሲመጣ ግን ችግሩ ይገለጣል። ረጅም ሒሳብ የሚሠራ ልጅ ከሁለት መስመር በፊት ምን እንደጻፈ መልሶ ማንበብ አለበት፤ በየመሃሉ ወረቀት እያወጣ ማሰብ አይችልም።

ፐርኪንስ ይህን ፈታ። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የሚገኘው የፐርኪንስ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ መምህር የነበረው ዴቪድ አብርሃም የነደፈው ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1951 መመረት ጀመረ። የአንድ ምልክት ነጥቦች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመታሉ፤ ነጥቡም ወደ ላይ ይወጣል። ተማሪው የጻፈውን እዚያው ወረቀቱ ሳይወጣ በጣቱ ያነባል፣ ስህተቱን ያገኛል። ትልቁ ጥቅሙ ይህ ይመስለኛል።

ጉድለትም አለው። ድምፁ ጸጥ ባለ ክፍል ጎልቶ ይሰማል፤ ወፍራም ወረቀት ይፈልጋል፤ ለትንሽ ልጅ ተሸክሞ መመላለሱ ከባድ ነው።

ዛሬ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች በኮምፒውተርም በስልክም አሉ፤ ኤንቪዲኤ የተባለው በነፃ ይገኛል። ለትልልቅ ተማሪዎች፣ በተለይ ለዩኒቨርሲቲ ንባብ፣ ትልቅ በር ከፍተዋል። ፊደል በሚቆጥር ልጅ ላይ ግን ብሬልን ይተኩ መባሉን አልቀበልም። ሲነበብለት ብቻ የሚያድግ ልጅ ቃሉ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ነጥቡና ሰረዙ የት እንደሚያርፍ በእጁ አያውቀውም። ማየት የሚችል ልጅ ሬዲዮ ስላለው ማንበብ ይቅርበት የሚል የለም።

ልጆቹ የሚማሩበት ቦታም ተለውጧል። ማየት የተሳናት የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበለችው፣ ትምህርት የጀመረችው በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። አሁን ግን ብዙ ልጆች ከሚያዩ እኩዮቻቸው ጋር አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። በዚያ ክፍል ብሬል የማያውቅ መምህር የልጁን ደብተር ማረም አይችልም፤ ብሬል የሚያውቅ ሌላ መምህር ወደ ቀለም ጽሑፍ እስኪገለብጥለት ይጠብቃል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ፐርኪንስ ሲገዛ ብሬል የሚያነብ መምህርም መመደብ አለበት።

መምህራን ሆይ፣ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር ደግሞ በእጃችሁ አለ። ሰሌዳ ላይ እየጠቆማችሁ «ይህ ከዚህ ጋር ሲደመር» አትበሉ። ቁጥሩን በስሙ ጥሩት፤ የጻፋችሁትን ሁሉ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።