ቤቱን ለባንክ ከመልቀቃችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ የሞርጌጅ ክፍያ ያቃተው ሰው ብዙ ጊዜ የባንኩን ደብዳቤ ሳይከፍት ያጠራቅማል። ጭንቀቱ የሚገባ ነው፤ ግን አማራጮቹ የሚጠቡት በዚያ ዝምታ ወቅት ነው። በፌዴራል ደንብ መሠረት፣ በአብዛኛው ክፍያው ከ120 ቀን በላይ ካልዘገየ በቀር ባንኩ ቤቱን በሐራጅ የሚያሸጥበት የፎርክሎዠር ሂደት አይጀመርም።

ቤቱን ለማቆየት አቅም ከሌለ መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ዛሬ ቢሸጥ ዕዳውን ይሸፍናል ወይ የሚለው ነው። ለምሳሌ ቤቱ 450 ሺህ ዶላር ቢያወጣና ዕዳው 380 ሺህ ቢሆን፣ ሐራጁ ሳይደርስ በሪልተር መሸጥ ይሻላል። ከኮሚሽንና ከልዩ ልዩ ወጪ የተረፈው የባለቤቱ ነው። በሐራጅ ግን ቤት ብዙ ጊዜ ከገበያ ዋጋው በታች ስለሚሸጥ፣ የዓመታት ልፋት በአንድ ቀን ሊቀልጥ ይችላል።

ዕዳው ከቤቱ ዋጋ ከበለጠ ሁለት መንገድ አለ። ሾርት ሴል ባንኩ ከዕዳው ባነሰ ዋጋ እንዲሸጥ ሲፈቅድ ነው፤ ፈቃዱ ወራት ሊወስድ ይችላል። ሁለተኛው ባለቤትነቱን በፈቃድ ለባንኩ ማስረከብ ነው። በቤቱ ላይ ሌላ ብድር ካለ ግን ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ አይቀበልም።

በሁለቱም መንገድ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ቀሪው ዕዳ መሰረዙ በጽሑፍ ይስፈር። በስልክ የተነገረ ተስፋ አይበቃም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ባንክ ከሽያጩ በኋላ የጎደለውን ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል፤ በካሊፎርኒያ ግን ለቤት መግዣ የተወሰደ ብድር በአብዛኛው ከዚህ የተጠበቀ ነው። የተሰረዘ ዕዳ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ሊያስከትል ስለሚችልም የታክስ ባለሙያ አማክሩ።

ክሬዲት በሁሉም ይጎዳል። ሆኖም የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች በሚገዛው በፋኒ ሜ መመሪያ አዲስ የቤት ብድር ለማግኘት ከፎርክሎዠር በኋላ በመደበኛው 7 ዓመት፣ ከሾርት ሴል ወይም በፈቃድ ከማስረከብ በኋላ 4 ዓመት ይጠበቃል።

ደብዳቤ ስለመጣ ብቻ ቤቱን ጥላችሁ አትውጡ። ባለቤትነቱ እስኪተላለፍ ድረስ የንብረት ግብሩ በስማችሁ ይቆጠራል። የተሟላ የእርዳታ ማመልከቻ ለባንኩ ከሐራጁ ከ37 ቀን በላይ ቀድሞ ከገባ፣ ባንኩ ሳይመረምረው በአጠቃላይ ወደ ሽያጭ መሄድ አይችልም።

«ቤትህን አድንልሃለሁ» ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ ወይም የባለቤትነት ፊርማ የሚጠይቃችሁን ሰው፣ አማርኛ ተናጋሪም ቢሆን፣ አትመኑት። የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ሀድ ያጸደቃቸው አማካሪዎች በፎርክሎዠር ጉዳይ በነፃ ያግዛሉ። ስትደውሉ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲፈልጉላችሁ ጠይቁ፤ የባንኩን ደብዳቤዎችም በእጃችሁ ያዙ።