ትኩሳቱ ቢለቅም ትንፋሹ ሲያጥር፦ ከቫይረስ ሕመም በኋላ የሕፃናት የሳንባና የደም ሥር ጤና



እንደሚታወቀው በደነባና በአካባቢዋ ክረምቱ አልፎ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ሲገባ ብዙ ሕፃናት በሳልና በትኩሳት ይያዛሉ። አብዛኞቹ በሳምንት ውስጥ ያገግማሉ፤ አሳዳጊም «ብርድ ነበር፤ አለፈለት» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይሁንና ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላም ሌሊት ሌሊት የሚያፍነው፣ ደረቱ የሚያፏጭ፣ ከእኩዮቹ ጋር ጥቂት ሮጦ ቁጭ የሚል ሕፃን አለ። ይህ ጽሑፍ የሚያወሳው ስለዚህ ሕፃን ነው።

ለምሳሌ ያህል እናትና አባቱን አጥቶ ከሌላ አገር ወደ ደነባ አያቱ ዘንድ የመጣ አንድ የ3 ዓመት የቲም እናስብ። ሳሉ ወር ሲያልፈው አያቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዱታል። ባለሙያውም «ኩፍኝ ይዞት ያውቃል? በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝቷል? ክትባቱን ጨርሷል?» ሲል ይጠይቃል። አያቱ መልስ የላቸውም፤ ይህን ሁሉ በልቧ መዝግባ ይዛ የነበረችው እናቱ ነበረች። የቲም ከእናቱ ጋር የሕመሙንም ታሪክ ያጣል። ይህ ታሪክ ለሕክምናው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት፣ ቫይረስ በሳንባ ውስጥ የሚያደርገውን ማወቅ ይበጃል።

በሳንባ ውስጥ የሚሆነው

የምንስበው አየር እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠኑ በሚሄዱ ቧንቧዎች አልፎ ጥቃቅን ወደሆኑ የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። እያንዳንዱን ከረጢት ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች እንደ መረብ ከበውታል። ኦክስጅን ወደ ደም የሚሻገረው በዚህ ሥፍራ ነው። ሕፃን ሲወለድ ያሉት የአየር ከረጢቶች ዐዋቂ ሲሆን ከሚኖሩት ጥቂቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ከረጢቶቹና የደም ሥሮቻቸው በልጅነት ዓመታት አብረው ያድጋሉ። በመሆኑም በዚህ ዕድሜ የሚደርስ ጉዳት የሚያገኘው ገና በመገንባት ላይ ያለ ሳንባን ነው።

ቫይረስ ሲገባ የቧንቧዎቹ ግድግዳ ያብጣል፤ አክታም ይሞላቸዋል። የሕፃን ቧንቧ ከመጀመሪያው ጠባብ ስለሆነ ጥቂት እብጠት እንኳ ትንፋሹን ያሳጥረዋል። ሕመሙ ሲጠና ደግሞ የደም ሥሮቹ ውስጠኛ ሽፋን ይቆጣና ፈሳሽ ወደ ከረጢቶቹ ያሰርጋል፤ ኦክስጅንም መሻገሪያ ያጣል። ከዚህ በተጨማሪ ኦክስጅን ባነሰበት የሳንባ ክፍል ያሉ የደም ሥሮች ይጠባሉ። ይህም ደሙን ወደ ጤነኛው ክፍል ለመላክ የሚጠቅም ዘዴ ነው። ነገር ግን እጥረቱ መላውን ሳንባ ከያዘና ከቆየ፣ ደም ወደ ሳንባ የሚገፋው የልብ ቀኝ ክፍል ይጫነዋል።

ደነባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ጤነኛ ሕፃን ይህን ይለምደዋል፤ ሳንባው የታመመ ሕፃን ግን በሸዋ ሮቢት ቆላ ካለው እኩያው ያነሰ መጠባበቂያ አለው ማለት ነው።

ከሕመሙ በኋላ የሚከተሉ ችግሮች

ከጉንፋን በኋላ ሁለትና ሦስት ሳምንት የሚቆይ፣ ቀን በቀን እየቀነሰ የሚሄድ ሳል ብዙ የሚያሰጋ አይደለም። ትኩረት የሚሹት የሚከተሉት ናቸው።

1. ተደጋጋሚ የደረት ፉጨት፦ አር ኤስ ቪ የተባለው ቫይረስ በጨቅላነቱ ክፉኛ ያመመው ሕፃን፣ ቀጥሎ በሚይዘው ጉንፋን ሁሉ ደረቱ ሊያፏጭ ይችላል። ይህ በአፍ በሚሳብ መድኃኒት ሊታገዝ የሚችል ስለሆነ ሐኪም ማየት ይኖርበታል።

2. የጥቃቅን ቧንቧዎች ጠባሳ፦ ጥቂት ሕፃናት አዴኖ ቫይረስ ወይም ኩፍኝ ካስከተለው ከባድ የሳንባ ሕመም በኋላ ቧንቧዎቻቸው ጠባሳ ይዘው ይጠባሉ። ለወራት የማይለቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል። አስም ወይም ሳንባ ነቀርሳ እየመሰለ ሐኪምን ሊያሳስት ስለሚችል፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ የሚናገር ሰው እጅግ ያስፈልጋል።

3. የደም ሥሮች ቁጣ፦ የኮሮና ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. ዓለምን ካዳረሰ በኋላ ሐኪሞች አዲስ ነገር አስተዋሉ። ጥቂት ሕፃናት ከተያዙ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይተው፣ ቫይረሱን ታግለናል ብለን ባረፍንበት ጊዜ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የዓይን መቅላት፣ ሽፍታ፣ የሆድ ሕመምና የትንፋሽ ማጠር ታየባቸው። የሰውነት መከላከያ ከልክ አልፎ የራሱን የደም ሥሮችና ልብ በማስቆጣቱ የመጣ ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ቶሚሳኩ ካዋሳኪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የገለጹት፣ ልብን የሚመግቡትን የደም ሥሮች የሚጎዳው ሕመምም ይመስለዋል። ሁለቱም እምብዛም የማይከሰቱ ቢሆኑም በጊዜ ከተደረሰባቸው ይታከማሉ።

ኩፍኝን በተመለከተ አንድ ነገር መታወስ አለበት። ኩፍኝ ሰውነት ቀደም ሲል ያገኘውን የመከላከል ትዝታ ስለሚያጠፋ፣ ሕፃኑ ከዳነ በኋላም ለወራት ለሳንባ ምች የተጋለጠ ይሆናል። ሽፍታው ጠፋ ተብሎ ክትትሉ መቋረጥ የለበትም።

ጭስ የሚያባብሰው ቁስል

በደጋው አገር ኩበትና ቅጠል ዋነኛ ማገዶ ነው። እንጀራ ሲጋገር ሕፃኑን አዝሎ ምድጃ ዳር መቀመጥም የተለመደ ነው። ይሁንና ጭሱ የሚያጠቃው ቫይረሱ ያቆሰለውን ያንኑ የቧንቧና የደም ሥር ሽፋን ነው። በማገገም ላይ ያለ ሕፃን ቢያንስ በመጋገሪያው ሰዓት ከማድ ቤት ይውጣ፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ የሚቻል ከሆነ ምድጃው ጭስ ማውጫ ይበጅለት። የሚያድርበትም ክፍል የዕጣን ጭስ የማይበዛበት ይሁን።

አሳዳጊ ሊያደርገው የሚገባ

የሕፃኑን ትንፋሽ ለመቁጠር ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ ልብሱን ገለጥ አድርጎ፣ ሰዓት ይዞ፣ የደረቱን መነሣት አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ከ2 ወር በታች ላለ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነውና በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ሕፃኑ ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ ግን ሌሊትም ቢሆን አይታደርም። በ12 የኢትዮጵያ አጠቃላይ ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2016 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ኦክስጅንን ውኃ ውስጥ በተነከረ ቱቦ ግፊት ጨምሮ የሚሰጥ ቀላል መሣሪያ በጽኑ የታመሙ ሕፃናትን ሞት እንደሚቀንስ አሳይቷል። መሣሪያው የሚጠቅመው ግን በጊዜ ለደረሰ ሕፃን ነው።

እንጥል ማስቆረጥ ትንፋሽን አይከፍትም፤ ደም መፍሰስንና ቁስል መመርቀዝን ያመጣል። ካለፈው ሕመም የተረፈ ክኒንም ለሌላ ሕፃን አይሰጥ። አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለታመመ ሕፃን መስጠት ጉበትንና አንጎልን ለሚጎዳ አደጋ ያጋልጣል።

ክትባትን በሚመለከት፣ በአገራችን የሳንባ ምች መከላከያው በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል፤ የጀመረውም በ2004 ዓ.ም. ነው። የኩፍኙ በ9 እና በ15 ወር ሲሆን፣ ሁለተኛው ዙር የተጨመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያመለጠው ሕፃን ካለ «ዘግይቷል» ብሎ ከመተው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን መጠየቅ ይገባል።

የየቲሙ ማኅደር

የቲም ከቤት ወደ ቤት ሲሸጋገር ልብሱና ምንጣፉ ይከተሉታል፤ ወረቀቱ ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል። ስለዚህ ልጁን የተረከበ ዘመድ ከለቅሶው ቤት ሳይለይ፣ ልጁን ያስታመሙትን አክስት፣ ጎረቤት ወይም አዋላጅ ይጠይቅ። የክትባት ካርዱን፣ ከሆስፒታል የተሰጠ ወረቀት ካለ እርሱን፣ ኩፍኝ የያዘበትን ዕድሜና የሚወስደውን መድኃኒት በአንድ ፖስታ ያኑር። በቤተሰቡ የጤና መድኅን መጽሐፍ ላይ የልጁ ስም መስፈሩንም ያረጋግጥ።

እናንተ ለጋሾችም የምትልኩት ወርኃዊ ድጋፍ ምግብና ልብስ ይሆናል። ለክትትል ደብረ ብርሃን ደርሶ ለመመለስ የሚያስፈልገው የመሳፈሪያ ገንዘብ ግን ከዚያ ውስጥ ሁልጊዜ አይገኝም። አያቱም ቀጠሮውን የሚተዉት በቸልታ ሳይሆን በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የአንድ ቀጠሮ መሳፈሪያ መሸፈን፣ ለአንድ ምድጃ ጭስ ማውጫ ማሠራት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለታመመ ሳንባ ግን ትንሽ አይደለም።

የቲም በእጃችን ያለ አማና ነው። የአማናው ከፊል ደግሞ ስለ ሕመሙ እናቱ ታስታውስለት የነበረውን ማስታወስ ነው። ዛሬ ቤታችሁ ያለውን የቲም ካርድ ፈልጉት፤ ከሌለም ከዛሬ ጀምሮ ጻፉለት።