«ልጄ ስንት አመጣ?» ከማለት በፊት «ከማን ጋር ተነጻጽሮ?» ብሎ መጠየቅ

እናት ሕፃኗን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ በሄደች ጊዜ ነርሷ ልጁን መዝና በካርዱ ላይ አንዲት ነጥብ ታስቀምጣለች። ነጥቧ ብቻዋን ምንም አትናገርም። ትርጉም የምታገኘው በካርዱ ላይ አስቀድሞ ከተሰመረው መስመር ጋር ስትተያይ ነው። መስመሩም በግምት የተሰመረ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የሕፃናት እድገት መለኪያ በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 8,500 ያህል ሕፃናት ተለክተው የተዘጋጀ ነው። ጥናቱ እንዳሳየው በሚገባ ጡት ጠብቶ፣ በቂ ምግብና ንጹሕ አካባቢ አግኝቶ ያደገ ሕፃን የትም አገር ቢወለድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁመቱ የሚጨምርበት መጠን ተቀራራቢ ነው። በዚህም ምክንያት ስድስቱ አገሮች ውስጥ የተሰመረው መስመር ለድሬዳዋ ሕፃንም ያገለግላል።

የልጅን የማሰብ ችሎታ በቁጥር እንለካለን የሚሉት ፈተናዎችም ከዚሁ ካርድ ጋር የሚመሳሰል ነገር አላቸው። ዛሬ እነዚህ ፈተናዎች በስልክ ሳይቀር ስለሚገኙ «ልጄ 140 አመጣ» ብላ የምትደሰት፣ «80 አመጣ» ተብላ የምታዝን እናት መኖሯ አይቀርም። ይሁን እንጂ የእነዚህ ፈተናዎች መስመር የት፣ መቼና በማን ላይ እንደተሰመረ ሳያውቁ መደሰትም ሆነ ማዘን ተገቢ አይደለም።

መለኪያው ለምን ተጀመረ?

የመጀመሪያውን ጠቃሚ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1905 በፓሪስ ያዘጋጁት አልፍሬድ ቢኔና ባልደረባቸው ቴዎዶር ሲሞን ነበሩ። ዓላማቸው ሊቅና ደንቆሮን መለየት ሳይሆን በትምህርት ቤት ልዩ እርዳታ የሚሹትን ሕፃናት ለይቶ እርዳታውን መስጠት ነበር። ቢኔ ራሳቸው የልጅ ችሎታ በልምምድና በጥሩ አስተማሪ ሊጨምር እንደሚችል አጥብቀው ያምኑ ነበር። ከእርሳቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ ሉዊስ ተርማን ፈተናውን አሻሽለው አወጡት። ውጤቱ በአንድ ቁጥር እየተነገረ በመላው ዓለም የታወቀውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ይህ ቁጥር ግን እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር ራሱን የቻለ መጠን አይደለም፤ ተራን የሚያመለክት ነው። ፈታኞቹ አስቀድመው ብዙ ልጆችን ይፈትኑና የእኩዮቹን አማካይ 100 ብለው ይሰይሙታል። ከአማካዩ በላይና በታች ያለውን ልዩነት ደግሞ ባለ 15 ነጥብ እርከን ይሠሩለታል። እንግዲህ «115» ማለት «ከተፈተኑት እኩዮቹ አማካይ በአንድ እርከን ከፍ ያለ» ማለት እንጂ «115 የሚያህል አእምሮ ያለው» ማለት አይደለም። እኩዮቹ ሲለወጡ ቁጥሩም ይለወጣል።

ጊዜ ሲለወጥም እንዲሁ ነው። ጄምስ ፍሊን የተባሉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1987 ባወጧቸው ጥናቶች በብዙ አገሮች የፈተናው ውጤት በየአሥር ዓመቱ በ3 ነጥብ ገደማ ይጨምር እንደነበር አሳይተዋል። ስለዚህ ከ30 ዓመት በፊት በተሠራ ሰንጠረዥ ዛሬ የተለካ ልጅ ያላገባቡ ብዙ ነጥብ ሊሰጠው ይችላል።

ቁጥሩ ከፍ ሲል እምነቱ ለምን ይቀንሳል?

ብዙዎችን የሚያስደንቀው 145፣ 160 እና ከዚያ በላይ የሚባለው ቁጥር ነው። ነገር ግን በጥንቃቄ መታየት የሚገባው በተለይ ይኸው ነው። ምክንያቱን በቀላል ስሌት እንመልከት።

ለሕፃናት ከተዘጋጁት ፈተናዎች በጣም የታወቀው የዌክስለር ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለወጣው አምስተኛ እትሙ ማነጻጸሪያ የሆኑት በአሜሪካ የሚኖሩ 2,200 ልጆች ናቸው፤ ከ6 እስከ 16 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዕድሜ 200 ልጆች ማለት ነው። በስሌቱ መሠረት 145ና ከዚያ በላይ የሚያመጣው ከ740 ሰዎች አንዱ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ200 ልጆች መካከል አንድ እንኳ ላይገኝ ይችላል። 160ና ከዚያ በላይ የሚያመጣው ደግሞ ከ31,500 በላይ ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ ብቻ ስለሆነ ከ2,200ው ልጆች ውስጥ አለመገኘቱ የሚጠበቅ ነው።

ነገሩን ወደ ከተማችን እናምጣው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ነዋሪ 341,834 ነበር። ይኸው ስሌት ለድሬዳዋ ቢሠራ፣ ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከከተማው እስከ ገጠር ቀበሌው፣ ከሕፃን እስከ አዛውንት ተደምሮ 160 የሚደርሰው 11 ያህል ሰው ነው። እንግዲህ «160 እና 170ን ለይቼ እለካለሁ» የሚል ፈተና እነዚህን ጥቂት ሰዎች ከየት አግኝቶ ሚዛኑን እንዳስተካከለ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ይህን የሞከሩ ሰዎች ያጋጠማቸው ችግር በውጭ አገር የታወቀ ነው። ሮናልድ ሆፍሊን የተባሉ አሜሪካዊ «ሜጋ» ያሉትን ባለ 48 ጥያቄ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1985 «ኦምኒ» በተባለ መጽሔት አሳተሙ። አንባብያን ጥያቄዎቹን በየቤታቸው ያለ ሰዓት ገደብና ያለ ተቆጣጣሪ ሠርተው ይልኩ ነበር። ፈተናውን የሠሩት እንቆቅልሽ የሚወዱና በራሳቸው የሚተማመኑ ፈቃደኞች እንጂ ከሕዝቡ በዕጣ የተመረጡ አልነበሩም። ማን ብቻውን እንደሠራ፣ ማን መጽሐፍ እንደገለጠ፣ ማን ወዳጁን እንዳማከረም ማረጋገጥ አይቻልም። እንዲህ ባለው መንገድ የተሠራ ሰንጠረዥ የሕዝቡን መልክ አያሳይም። የጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብም «በዓለም ከፍተኛው የማሰብ ችሎታ» ይለው የነበረውን ክፍል እ.ኤ.አ. በ1990 ሰርዞታል።

ቋንቋና ኑሮም ይመዝናሉ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ሐዲድ ጋር የተቆረቆረች፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ በአንድ ገበያ የሚሰሙባት ከተማ ናት። ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ ሲነጋገር አድጎ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በሶማልኛ ተጫውቶ፣ ሱቅ ሲላክ በአማርኛ የሚገበያይ ልጅ በየሰፈሩ አለ። ይህ ልጅ በአንዱ ቋንቋ ብቻ የቃላት ጥያቄ ሲቀርብለት የሚያውቀውን በከፊል ብቻ ያሳያል። በረዶ አይቶ ለማያውቅ የቆላ ልጅ «የበረዶው ሰው ምን ጎደለው?» ተብሎ ቢቀርብለትም የሚለካው አእምሮው ሳይሆን ያደገበት አየር ነው።

ይህ በአገራችን በጥናት የታየ ጉዳይ ነው። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በወቅቱ የደቡብ ክልል ይባል በነበረው አካባቢ 3,000 ያህል ልጆችን ተከታትሏል። ድሬዳዋ በውስጡ አልነበረችም። በሥዕል የሚቀርበው የቃላት ፈተና ወደ አገር ቋንቋዎች ተተርጉሞ ነበር። ሆኖም ሳንቲያጎ ኩዌቶና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ፈተናውን ሲመረምሩ፣ የአንዱን ቋንቋ ተናጋሪ ልጆች ውጤት ከሌላው ቋንቋ ተናጋሪዎች ጋር ማወዳደር እንደማይገባ አሳስበዋል። መተርጎም ብቻውን መለኪያውን እኩል አያደርገውም። በትርጉም አንዱ ቃል ቀላል፣ ሌላው ከባድ ሆኖ ይገኛልና።

ከአገር የወጡ ወገኖቻችን ልጆችም ሌላ ትምህርት ይሰጡናል። እ.ኤ.አ. በ1984፣ በ1985 እና በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል ከሄዱት ቤተ እስራኤላውያን መካከል የነበሩ ሕፃናት በዚያ አገር ፈተና ሲለኩ ዝቅተኛ ውጤት ያገኙ ነበር። በዚያ አገር ርዩቨን ፎየርስታይን የተባሉ ምሁር አስቀድመው ሌላ ዘዴ አቅርበው ነበር። ዘዴው ልጁን መፈተን፣ ከዚያ የአሠራሩን መንገድ ማስተማር፣ መልሶም መፈተን ነው። ጹሪኤልና ካውፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ የአንደኛ ክፍል ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በዚህ መንገድ ከተማሩ በኋላ ከአገሩ ተወላጅ ልጆች ጋር የነበራቸው ልዩነት በእጅጉ ጠበበ። የጎደላቸው ልምዱ እንጂ አእምሮው እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እናት ምን ትጠይቅ?

እነዚህ ፈተናዎች ጥቅም የላቸውም ማለታችን አይደለም። በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ሲሆኑ የመማር ችግር ያለበትን ልጅ በጊዜ ለይተው እርዳታ እንዲያገኝ ያደርጋሉ። ስለዚህ ስለ ልጅዎ ቁጥር ሲነገርዎት ፈታኙን የሚከተሉትን ይጠይቁ፤

አንደኛ፣ ማነጻጸሪያዎቹ ልጆች እነማን ናቸው? በየትኛው አገርና በየትኛው ዓመት ተፈተኑ?

ሁለተኛ፣ ልጄ በሚገባው ቋንቋ ነው የተጠየቀው?

ሦስተኛ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቢፈተን ተቀራራቢ ውጤት ያመጣል? ባለሙያዎች ይህንን አስተማማኝነት ይሉታል። ጥሩ ፈተና እንኳ ጥቂት ነጥብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስለሚስት፣ 98 ባመጣና 102 ባመጣ ልጅ መካከል ልዩነት አለ ለማለት አያስደፍርም።

አራተኛ፣ ፈተናው እለካዋለሁ ያለውን ነገር በእርግጥ ይለካል? ይህም ተገቢነት ይባላል። የሚረጋገጠው የተፈተኑት ልጆች በትምህርታቸውና በሥራቸው ምን እንደደረሱ በመከታተል ነው።

አምስተኛ፣ ከውጤቱ በኋላ ለልጄ ምን ይደረግለታል? እርዳታ የማያስከትል ቁጥር ለቤተሰቡ የሚፈይደው ነገር የለም።

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ፈተና፣ በተለይም በስልክ የሚገኘው ዓይነት፣ ለጨዋታ ቢሆን እንጂ ለልጅ ስም ለማውጣት አይበቃም። «ሰነፍ» ተብሎ የተሰየመ ልጅ መሞከሩን ይተዋል፤ «ሊቅ» የተባለውም መሳሳትን ስለሚፈራ ከባድ ሥራ ይሸሻል። ሁለቱንም ስም የሚያወጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቤተሰብ ነው። እንግዲህ እናቶችና አባቶች ማታ ከሥራ ስትመለሱ የልጃችሁን ቁጥር ከመጠየቅ ይልቅ ዛሬ ምን እንደከበደውና እንዴት እንደተወጣው ብትጠይቁት፣ ስለ አስተሳሰቡ የበለጠ ታውቃላችሁ።